ሁለት ገበያ ያልሞላው ስልክ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ቡናው እስኪፈላ የአክስቴን የስልክ ክርክር ላውጋችሁ። አዘናን የምታውቁ ታውቃላችሁ። የማታውቁም ብትሆኑ ሰባት ቤት አገው ሲባል ሰምታችኋል፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ ዚገም፣ ቋቁራ፣ ጫራ፣ መተከል ተብሎ ሲቆጠር አዘናም አብራ ትቆጠራለች። ዛሬ የአየሁ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ከሚወስደው ዋና አስፋልት ገባ ያለች ስለሆነች፣ ጨርቁም ሳሙናውም ስልኩም የሚደርሳት ሁለትና ሦስት እጅ ዞሮ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

አክስቴ በርበሬ ነጋዴ ናት። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር «ያላየሁትን ገንዘብ አልቆጥርም» ካሉት ወገን ነበረች። ኋላ ግን ከኮሶበርም ከዳንግላም የሚመጡት በርበሬ ገዢዎች ጥሬ ብር መያዝ እየተዉ ሲሄዱ እሷም ለመደች። ባለ ቁልፍ ስልኳን ይዛ፣ ኮከብ 127 መሰላል ነካ ነካ አድርጋ ሒሳቧን ታያለች። ያቺ ስልክ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች ቀናት ትቆያለች። ባትሪዋ ሲደክምም ሽፋኑን በጥፍር ፈልቀቅ አድርጎ፣ ከገበያ ሌላ ገዝቶ መክተት ነው፤ አለቀ። ጋራንቲ የሚባል ነገር ትዝ ብሏት አያውቅም፤ ለምን ትዝ ይበላት?

ልጆቿ ናቸው ነገር ያመጡት። «እማዬ፣ ታች ሠፈር ያለው ሁሉ ባለ ትልቅ ስክሪን ይዟል፤ አንቺ ብቻ ቀረሽ» አሏት። ዳንግላ ለሌላ ጉዳይ በሄደችበት ከአንድ ሞባይል ቤት ጎራ አለች። የሱቁን ስም ተዉት፤ የስልኩንም ስም አልናገርም። ሻጩ ልጅ «እናቴ ይቀመጡ» አለ፣ ወንበር አቀረበ፣ ካርቶኑን ከፈተ። «ባትሪው 5 ሺህ ሚሊ አምፔር ነው፣ ሁለት ቀን ይይዛል፣ የአንድ ዓመት ጋራንቲ አለው» አላት። እሷም በቴሌብር ከድሮው ስልኳ ከፈለች፣ ሲሙ ተዛወረ፣ ድሮዋ ስልክ ለታናሹ ልጅ ተሰጠች። ደረሰኝ? «ለእርስዎ ቅናሽ አድርጌያለሁ፣ ደረሰኙ ይቅር» ተባለ። እዚህ ላይ ሳቅ የምትሉ ካላችሁ ገብቷችኋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበር። ትንሽ ሰነበተና አንድ ማለዳ በርበሬ እየመዘነች፣ ገዢው «ልኬልሻለሁ፣ እይው» ሲላት ስልኩን አነሣችው፤ 40 ፐርሰንት ይላል። መልእክቱን ልትከፍት ነካ ስታደርገው ጭልም። ብትጫነው ብትጫነው ዝም። ገዢው ቆሟል፣ ጆንያው ተቋጥሯል፣ ገንዘቡ ይድረስ አይድረስ የሚያውቀው የሞተው ስልክ ብቻ ነው። ማታ ቻርጀር ላይ ስትሰካው ተነሣ፤ 38 ፐርሰንት አለ። አክስቴ አማተበች። ሞቶ የተነሣ ነገር ከቤቷ አይታ አታውቅማ!

በማግስቱ ወደ ሞባይል ሠሪው ይዛው ሄደች። በየገበያው ዳር አንድ አለላችሁ፤ ጠረጴዛ፣ መብራት፣ ሜትር፣ ትንንሽ ብሎን መፍቻዎች፣ አሮጌ ስልኮች የሞሉበት ቆርቆሮ። የአዘናው ልጅ ቁምነገረኛ ነው። ቻርጀሩን ሞከረ፣ ገመዱን ሞከረ፣ ስልኩ ላይ ካሜራና መብራት አንድ ላይ ከፍቶ ጠበቀ፤ ጠፋ። «አክስቴ፣ ቻርጀሩ ጤነኛ ነው። በሽተኛው ባትሪው ነው» አለ።

«ቀይርልኛ!»

«አልከፍተውም። ጀርባው በሙጫ የታሸገ ነው፤ እኔ ከከፈትሁት ‹ሌላ እጅ ነክቶታል› ብለው ጋራንቲውን ይሰርዙብዎታል። ገና አዲስ ነው። ወደ ገዙበት ይመልሱት።»

ልብ በሉልኝ። ይህ ልጅ ቢከፍተው ዋጋውን ይበላ ነበር። ሥራ አጥቶ በሚውልበት ቀን የመጣለትን ገንዘብ ሳይበላ ያለፈው ስለ እሷ ብሎ ነው። በየሬዲዮው ስለ ሸማች መብት የሚናገሩት ሁሉ እንደዚህ ልጅ ባጭሩ ተናግረው አያውቁም።

አሁን ቡናው እስኪጠጣ ስለ 40ው ፐርሰንት ልንገራችሁ። ያ ቁጥር ግምት ነው። ስልኩ ባትሪውን ከፍቶ አያይም፤ ቮልቱን እየለካ፣ የገባና የወጣ ኃይል እየቆጠረ ይህን ያህል ቀርቷል ይላል። ሊቲየም አዮን የሚባለው ባትሪ ሲሞላ 4 ነጥብ 2 ቮልት ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ እየተጠቀሙበት ይወርዳል፤ ከ3 ቮልት ትንሽ ከፍ ሲል ስልኩ ራሱን ያጠፋል። ባትሪው ከታመመ ወይም ካረጀ ውስጡ ለኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ተቃውሞ ይጨምራል። ስልኩ ጸጥ ብሎ ሲቀመጥ ምንም አይታይም። ካሜራ ሲከፈት፣ ኔትወርክ ደክሞ ስልኩ ሲፈልግ፣ አንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ይጠየቃል፤ ቮልቱ ዘጭ ይላል፤ ስልኩም ባትሪ ያለቀ መስሎት ይዘጋል። ብርድ ደግሞ ያንኑ ተቃውሞ ያብሳል። ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነችው እንጅባራ በኅዳር ማለዳ ውጭ ያደረ ስልክ ቶሎ የሚሞትባችሁ ለዚህ ነው። አዲስ ባትሪስ ለምን ይታመማል? ወይ ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ ይወጣል፣ ወይ ባዶውን መጋዘንና መደርደሪያ ላይ ከርሞ ይጎዳል፣ ወይ ሙቀት ነክቶት ይመጣል። ሁለትና ሦስት እጅ ዞሮ የሚመጣ ነው ያልኋችሁን ያዙ ብያችሁ የለም?

ይህን ባትሪ ለዓለም ያበቁት ጆን ጉድኢናፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2012 ዓ.ም. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ጉድኢናፍ ያኔ 97 ዓመቱ ነበር፤ በኖቤል ታሪክ እንደሱ ሸምግሎ የተሸለመ የለም። ያም ቢሆን አክስቴን የሚጠቅማት ሻጩ ነውና ወደ ዳንግላ እንሂድ።

እኔም አብሬያት ሄድሁ። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ወንበር ግን አላቀረበም። ከጀርባው ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት በፕላስቲክ ተለብጦ ተሰቅሏል። ስልኩን ተቀበለ፣ አገላበጠ፣ አበራ። በራ! የታመመ ባትሪ ዶክተር ፊት ሲደርስ ጤነኛ እንደሚሆን ሕፃን ነው።

«ይሠራል እኮ እናቴ።»

«ካሜራውን ክፈተው፣ መብራቱን ክፈተው፣ ጠብቅ» አልሁት። ጠበቅን። 43፣ 42፣ ጭልም።

ልጁ ፊቱ ትንሽ ተለወጠ። «እሺ፣ ችግር አለው። ግን እኛን አይመለከትም። ጋራንቲው አዲስ አበባ ነው። እዚያ ሰርቪስ ማዕከል አላቸው፤ ይውሰዱት፣ ይሠሩልዎታል።»

ወዳጆቼ፣ ከእንጅባራ አዲስ አበባ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። የአባይን በረሃ መውረድና መውጣት አለበት። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ መንገዱ ነገ ክፍት ይሁን ዝግ ሹፌሩም እርግጠኛ አይደለም። የትራንስፖርቱ፣ የአልጋው፣ የምግቡ ወጪ ሲደመር የባትሪውን ዋጋ ስንት ጊዜ ያጥፈዋል። ፋብሪካውን አልወቅስም፤ ማዕከል ማቋቋሙ መልካም ነው። እንደ ምሳሌ ቴክኖን፣ አይቴልንና ኢንፊኒክስን የሚሠራው የሼንዘኑ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ስልክ ይገጣጥማል፤ ካርልኬር የሚባል የጥገና ድርጅትም አለው። ከቻይና እስከ ኢትዮጵያ የመጣው ዋስትና ግን ከአዲስ አበባ እስከ አዘና ያለውን መንገድ ማን ይጨርስለት? ጥያቄው ይኸው ነው፤ ልጁም መልሱን ለአክስቴ እግር ሰጠው።

አክስቴ ዝም አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ እንዲህ አለች፦

«አንተ ልጅ፣ እኔ በሬ ብሸጥልህ፣ ወስደህ ብትጠምደው፣ ትልም ሳይጨርስ ቢተኛብህ፣ ‹በሬውን ያመጣሁት ከጃዊ ነው፣ ጃዊ ሂድና ተከራከር› ብልህ ትሰማኛለህ?»

በሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። ልጁም ፈገግ አለ፤ ግን «ስልክና በሬ አንድ አይደለም» አለ።

እዚህ ላይ እኔ ነገር ገባሁ። በሕግ በኩል አንድ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ የሸጠው ነገር ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ለገዢው ኃላፊ ነው ይላል፤ በሬም ይሁን ስልክ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ነገሩን ያፍረጠርጠዋል፦ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይችላል። ማንን? የሸጠለትን። አዋጁ ሸማቹን 450 ኪሎ ሜትር ሂድ አይልም። ፋብሪካው በካርቶን ውስጥ የሚያስቀምጠው የጋራንቲ ካርድ የተጨመረ መብት እንጂ የሻጩን ግዴታ የሚያነሣ አይደለም። በዚያ ላይ ካርዱን አንብቡት፤ ብዙዎቹ ባትሪን ከስልኩ ለይተው አጠር ያለ ጊዜ ነው የሚሰጡት፤ «የአንድ ዓመት» የተባለው ባትሪውን ላይጨምር ይችላል። ያ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውም ወረቀት ከአዋጁ በላይ አይደለም። አክስቴ ስልኩን ከገዛች ደግሞ ሁለት ገበያ አልሞላም።

ልጁ አፈረና ተቆጣ፤ ሰው ሲያፍር ይቆጣል። «ሞባይል ሸጦ መልሶ የወሰደ ማን ያውቃል?» አለ።

እኔ አውቃለሁ። ሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 የሚባለውን ስልክ ነሐሴ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. ለገበያ አወጣ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው እየተቀጣጠለ ሰው ኪስና መኝታ አጠገብ መንደድ ጀመረ። ነሐሴ 27 ቀን ኩባንያው ወደ 2 ነጥብ 5 ሚሊዮን ስልክ ልመልስ አለ። አዲስ ባትሪ ያለበት ስልክ ሰጠ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሉዊቪል ላይ ለመነሣት በተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ ከነዚያ የተተኩት አንዱ ጨሰ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። ጥቅምት 1 ቀን ሳምሰንግ ስልኩን መሥራት ጨርሶ አቆመ። ሰዎች ስልኩን የት መለሱት? ኮሪያ ሱዎን ወዳለው ዋና መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ከገዙበት ሱቅና ከኔትወርክ አቅራቢያቸው ነው። በፖስታ ለሚልኩት እሳት የማይበግረው ካርቶንና ጓንት ተላከላቸው፤ የተበላሸ ሊቲየም ባትሪ በአውሮፕላን መጫን ክልክል ነውና በየብስ ብቻ ተጓዘ።

ጥር 15 ቀን ሳምሰንግ ምክንያቱን ነገረን። ባለ 700 ሰው ቡድን 200 ሺህ ስልክና 30 ሺህ ባትሪ ፈትሾ ነበር። የመጀመሪያው ባትሪ ከላይ በቀኝ ማዕዘኑ ጠቦ ተጨቁኖ ውስጡ ታጥፎ ነበር፤ ሁለተኛው፣ ያ ምትክ የተባለው፣ ብየዳው ላይ የቀሩ ሹል ነገሮች ውስጡን ቀደዱት፤ አንዳንዱም መከላከያ ፕላስተር ሳይለጠፍበት ወጣ። ሁለት የተለያዩ አምራቾች፣ ሁለት የተለያዩ ጥፋቶች፣ አንድ እሳት። ምትክም ቢሆን ተሞክሮ እንጂ ታምኖ አይወሰድም፤ ይህን አክስቴ ኋላ ትጠቀምበታለች።

የኛ ስልክ አልተቃጠለም ትሉኝ ይሆናል። ልክ እንደኛው እየጠፋ ያስቸገረም አለ። ጉግልና ሁዋዌ በጋራ ያወጡት ኔክሰስ 6ፒ ገና ብዙ ፐርሰንት እያለው ይጠፋ ነበር፤ ገዢዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከስሰው በ2011 ዓ.ም. በ9 ነጥብ 75 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። አፕልም በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአይፎን 6ኤስ ሳቢያ ባትሪ በነፃ ልቀይር ብሎ ነበር። ቀጥሎ የደከመ ባትሪ ያለባቸውን ስልኮች በዝምታ እንዲያዘግሙ አድርጎ ተገኘ፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ የ79 ዶላሩን የባትሪ ቅያሬ 29 አደረገው፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከነዚህ ኩባንያዎች አንዱም በገዛ ፈቃዱ ብቻ አልመለሰም። ገዢው ጮኾ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ጎበዝ ነጋዴ ነው። «ከኔ ለመግዛትዎ ደረሰኝ አለዎት?»

ይኼኔ ሁላችንም ዝም። ደረሰኝ የለም። የቴሌብሩ መልእክት ግን? መልእክቱ የገባው በድሮዋ ስልክ ነው፤ ድሮዋ ስልክ አዘና ታናሹ ልጅ ኪስ ውስጥ ናት። አክስቴ ከኔ ስልክ ደወለች። ታናሹ ልጅ መልእክቶቹን ወደ ታች እየወረደ ፈለገ፤ የሱቁ ስም፣ የከፈለችው ብር፣ ቀኑ፣ የክፍያ ቁጥሩ፣ ሁሉም ቁጭ ብሏል። አንድ በአንድ አነበበልን፤ ስፒከሩ ላይ አድርገን ሱቁ ሙሉ ሰማ። አሥራ አምስቱ ቀን አልሞላም።

አንድ አባት ከሱቁ ጥግ ባትሪ ድንጋይ ሊገዙ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ልጄ» አሉት፣ «እኒህ ሴትዮ ቀድመውህ ዘግተውታል። ለውጥላቸውና ተመረቅ።»

ልጁ ራሱን እከክ እከክ አደረገ። «እኔስ ማን ይመልስልኛል አባቴ? ያከፋፈለኝ ሰው አይቀበለኝም» አለ። እውነቱን ነው፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። እሱም እንደ አክስቴ የመጨረሻ እጅ ነው፤ ከሱ በላይ ያከፋፈለው፣ ከሱም በላይ ያስመጣው አለ። ነገር ግን አከፋፋዩን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስልኩ አለው፤ የሚቀጥለውን ጭነት ሲያዝ ያገኘዋል። አክስቴ ግን ማንንም አታውቅም። የሚያውቅ ሰው ሸክሙን ይቀበል ቢባል ምን ጥፋት አለው?

ተቀበለ። ከመደርደሪያው ያንኑ ዓይነት አውርዶ ሰጣት። አክስቴ ወዲያው ወደ ቦርሳዋ አልከተተችውም። «ካሜራውን ክፈተው» አለች። ከፈተ። «መብራቱንም።» ከፈተ። ቪዲዮ አስጫነችው። ሻይ አዝዘን ጠጣን፤ ስልኩ በርቶ ቆየ። ከዚያ «ኮከብ መሰላል 06 መሰላል» አልሁት፤ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር መጣ። ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ጻፈ፣ ቀኑን ጻፈ፣ ማኅተም መታ። አሁን ደረሰኝ አለ! የተመለሰውን በሽተኛ ስልክም ወደ አከፋፋዩ በአውቶብስ ሹፌር እልካለሁ አለ። እንዳይቀጣጠል ባትሪው አብጦ እንደሆነ እይ፣ ካበጠ አትጫነው፣ አትውጋው፣ ከፀሐይ አርቀው ብለን ተለያየን።

አክስቴ አዲሱን ስልክ አሁንም ይዛዋለች፤ ይሠራል። ድሮዋንም ስልክ ከታናሹ ነጠቀችው፤ መልእክቶቿን አታጠፋም። ስለ ታሸገው ባትሪ አውሮፓውያን ሕግ አውጥተዋል፤ ከየካቲት 2019 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያቸው የሚሸጡ ስልኮች ባትሪ ባለቤቱ ራሱ አውጥቶ የሚቀይረው እንዲሆን ይጠይቃል። ለነሱ የሚሠራው ለኛም ይደርስ ይሆናል፤ የአዘናው ሞባይል ሠሪ ግን እስኪደርስ አይጠብቅም፤ ጋራንቲ ያለቀበትን በሙቅ አየር እያላቀቀ ይቀይራል።

እንግዲህ ስልክ ልትገዙ የምትሄዱ፣ ደረሰኙን ከነመለያ ቁጥሩ ሳትይዙ ከሱቅ አትውጡ፤ ቅናሹ ይቅርባችሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካሜራና መብራት አብራችሁ ከፍታችሁ ባትሪውን ፈትኑት፤ ቢጠፋ በ15 ቀን ውስጥ ወደ ሸጠላችሁ ሰው መልሱት። አልቀበልም ካለ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አለ። እናንተም የሞባይል ቤት ባለቤቶች፣ አከፋፋያችሁ የተበላሸውን እንዲቀበላችሁ ጭነት ስታዙ አስቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ ያንን ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን ወረቀት ደግሞ አውርዱት።